የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ለየፕሮጀክቱ የራሱን ገጽ መክፈትና ማስተዳደር፦ ዝርዝር መመሪያ

የልማት ኮሚቴዎችና ማኅበራት ድረ ገጽ ማሠራቱ አላስቸገራቸውም። የሚቸገሩት ከዚያ በኋላ ነው። ለኩታበር ምንጭ አንድ ገጽ፣ ለመርሳ ትምህርት ቤት ሌላ ገጽ፣ ለወረኢሉ ጤና ጣቢያ ሦስተኛ ገጽ ሲያስፈልግ ሥራው ይደበላለቃል። ያለቀው ፕሮጀክት ገጽ ላይ አዲሱ ይጻፍበታል፣ ሊንክ ይቀየራል፣ የተዘጋ ሒሳብ ቁጥር ሳይነሳ ይከርማል። ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለ የወሎ ልጅ በቴሌግራም የደረሰውን ሊንክ ከፍቶ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ካየ ተመልሶ አይሞክርም። መስጠት የፈለገ ሰው ሳይሰጥ ይቀራል።

መመሪያው ድረ ገጻችሁ በዎርድፕረስ (በድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ነው በሚል የተጻፈ ነው። የቁልፎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት አስቀምጫለሁ። በሌላ ሥርዓት የምትሠሩ ከሆነ የቁልፎቹ ስም ቢለይም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዙ፦ ሰው እጅ የገባ ሊንክ አይቀየርም፣ አይጠፋም። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ለመጠበቅ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት

የሚከተሉት በእጃችሁ ሳይኖሩ ገጽ አትክፈቱ፦

• ፕሮጀክቱን ያጸደቀው ቃለ ጉባኤ እና የወጪ ዝርዝር
• የሒሳብ ቁጥሩ፣ የባንኩ ስም እና ሒሳቡ የተከፈተበት ሙሉ ስም
• ማኅበሩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩ
• ሦስት ወይም አራት ፎቶ፣ ከተነሺዎቹ ፈቃድ ጋር
• ለገጹ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው። «ኮሚቴው» ተብሎ ከተተወ ማንም አያድሰውም።

ቦታውን በወረዳና በቀበሌ ለዩ። «የገጠር ውሃ ፕሮጀክት» የሚል ርዕስ ለማንም አይነግርም፤ «በተሁለደሬ ወረዳ» ብሎ ቀበሌውን የሚጠራ ርዕስ ግን የአካባቢውን ልጅ ወዲያው ይይዘዋል። ገንዘብ የሚሰበስበው ቅሬው (ዕድሩ) ከሆነም የየትኛው መንደር ቅሬ እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ሰው የሚያምነው የሚያውቀውን ነው።

ሁለት ጥያቄዎች በስብሰባ ተወስነው ይምጡ። ገንዘቡ ከታሰበው ቢተርፍ ወዴት ይሄዳል? ባይሞላስ? መልሱን ገጹ ላይ ከመጀመሪያው ካልጻፋችሁት በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ማመካኛ ይመስላል።

ስለ ዘካ ማስጠንቀቂያ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩ ብዙዎች «ዘካዬን ብሰጥ ይሆናል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ዘካ የሚሰጠው በቁርኣን ለተጠቀሱት ስምንት ወገኖች ነው፤ የመንገድም ሆነ የውሃ ግንባታ ሁሉ ዘካ ይሆናል ማለት አይደለም። የአካባቢያችሁን ዑለማዎች ሳትጠይቁ «ዘካ ይሆናል» የሚል ቃል ገጽ ላይ አታስፍሩ። ይሆናል ከተባላችሁ ደግሞ የክፍያ ፎርሙ ላይ «ዘካ» እና «ሰደቃ» የሚል ምርጫ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በሒሳብ መዝገባችሁም ለየብቻ ይያዝ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2025)» ብላችሁ። ሰዓት ካስገባችሁም እንዲሁ፤ «ከምሽቱ 12 ሰዓት» የሚለውን ውጭ ያደገ ልጅ እኩለ ሌሊት ብሎ ነው የሚረዳው።

ጽሑፉን ቀድማችሁ ሌላ ቦታ ጻፉት። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቀጥታ ድረ ገጹ ላይ መጻፍ አያዋጣም። ስልካችሁ ላይ ወይም ወርድ ላይ ጨርሱትና ገልብጡት። ስትለጥፉ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቪን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የወርዱ የፊደል መጠንና ቀለም አብሮ እንዳይመጣ።

*የተለጠፈው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነስ?* ሰነዱ የተጻፈው በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም በመሰለው ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚያነበው የፊደል ሥርዓት) ያልሆነ ፊደል ነው። ከቢሮ በሚመጡ የቆዩ ደብዳቤዎች ላይ ይህ ያጋጥማል። ድረ ገጹ ላይ ፎንት በመቀያየር አይስተካከልም። አጭር ከሆነ እንደገና ጻፉት፤ ረጅም ከሆነ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፉትና ከዋናው ጋር እያስተያያችሁ አንብቡት።

ደረጃ 2፦ የመግቢያ ፈቃድ

ገጽ ለመክፈትና ለማደስ «ኤዲተር» የሚባለው ፈቃድ ይበቃል። «ኦተር» ወይም «ኮንትሪቢውተር» ተብሎ የገባ ሰው ፔጅ መክፈት አይችልም፤ ስለዚህ «ፔጅስ የሚለው አይታየኝም» ካላችሁ ችግሩ ከኮምፒውተሩ አይደለም። ችግሩን ለመፍታት ብላችሁ ግን ለሁሉም «አድሚኒስትሬተር» አትስጡ። ይህ ፈቃድ ያለው ሰው የክፍያ መቀበያውን ሒሳብ መለወጥ ይችላል። ሁለት ሰው ይበቃል።

አንድ የይለፍ ቃል ለኮሚቴው ሁሉ ማካፈልም ይቅር። ማን ምን እንደቀየረ ማወቅ የምትችሉት እያንዳንዱ በራሱ ስም ሲገባ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ገጹን ክፈቱ፣ ግን አታትሙት

1. «ፔጅስ» ውስጥ ገብታችሁ «አድ ፔጅ»ን ተጫኑ። «ፖስት» አትክፈቱ፤ ፖስት በቀን ተደርድሮ ወደ ታች ለሚሄድ ዜና ነው።
2. ርዕሱን ጻፉ።
3. ወዲያው «ሴቭ ድራፍት» አድርጉ።

የቀደመው ፕሮጀክት ገጽ አቀማመጡ ስላማራችሁ እሱኑ ከፍታችሁ ጽሑፉን አትቀይሩ። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ለቀደመው ሥራ የሰጡ ሰዎች የያዙት ሊንክ ድንገት ስለ ሌላ ቦታ ማውራት ይጀምራል፤ «የኛ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ ከዚያ ይነሳል። አቀማመጡን ከፈለጋችሁ የድሮውን ገጽ ክፈቱ፣ ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ «ኮፒ ኦል ብሎክስ» (የገጹን ክፍሎች ሁሉ ገልብጥ) የሚለውን ተጫኑ፣ ምንም ሳትነኩ ውጡና አዲሱ ላይ ለጥፉ። ከዚያ በፊት የነበረው የሒሳብ ቁጥር፣ ቀንና የፎርም ቁልፍ አብሮ ስለሚገለበጥ አንድ በአንድ ቀይሩ።

*ስትጽፉ ኔትወርክ ቢጠፋ?* ገጹን አትዝጉት፣ ሪፍሬሽም አታድርጉት። አርታኢው በየ60 ሰከንዱ በራሱ ለማስቀመጥ ይሞክራል፤ ሆኖም እሱን አትመኑ። ጽሑፉን ሁሉ መርጣችሁ ኮፒ አድርጉ፣ ሌላ ቦታ ለጥፉት፣ ኔትወርኩ ሲመለስ እንደገና ሴቭ በሉ። «አፕዴቲንግ ፌይልድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲመጣም መጀመሪያ የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 4፦ ሊንኩን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ገጹ ከታተመ በኋላ ማስተካከል ዋጋ ያስከፍላል።

ርዕሱን በአማርኛ ስትጽፉ ዎርድፕረስ ሊንኩን ከርዕሱ ይሠራል። አንድ የአማርኛ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ የፐርሰንት ምልክት ያለባቸው ዘጠኝ ምልክቶች ሆኖ ይቀመጣል። ለሊንኩ የተፈቀደው ቦታ ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በላይ ያለው ርዕስ ይቆረጣል። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ሦስት መስመር የሚሞላ የፐርሰንትና የቁጥር ሰልፍ ይሆናል፤ ያየው ሰው አጭበርባሪ የላከው ይመስለዋል፤ አይነካውም።

መፍትሔው ይህ ነው፦

1. በቀኝ በኩል ካለው ሳጥን «ስለግ» (የሊንኩ መጨረሻ ላይ የሚገባው የገጹ ስም) ወይም «ሊንክ» የሚለውን ክፈቱ።
2. ያለውን ሁሉ አጥፉና በላቲን ትንሽ ፊደል ሁለት ወይም ሦስት ቃል ጻፉ፤ ለምሳሌ ኩታበር-ውሃ የሚለውን በላቲን ፊደል። በቃላቱ መካከል ሰረዝ ብቻ ይግባ።
3. ዓመትና የብር መጠን አታስገቡ። ሥራው ወደሚቀጥለው ዓመት ቢሻገር ወይም በጀቱ ቢጨምር ሊንኩ ውሸት ይናገራል።
4. ገጹ በሌላ ገጽ ሥር የሚገባ ከሆነ «ፓረንት» የሚለውን አሁን ምረጡ። ፓረንት ሲቀየር ሊንኩም አብሮ ይቀየራል፤ ከታተመ በኋላ አይነካም።
5. ሊንኩን ለአንድ ሰው በስልክ አንብቡለት። ሳትደግሙለት ጽፎ ከከፈተው ጥሩ ነው።

*መጨረሻው ላይ -2 ቢጨመርስ?* በዚያው ስም ሌላ ገጽ፣ ድራፍት ወይም ቀድሞ የተጫነ ፎቶ አለ ማለት ነው። የፎቶ ፋይልም ስም እንደሚይዝ ብዙ ሰው አያውቅም። ፈልጋችሁ አግኙት፤ ትርፍ ድራፍት ከሆነ አጥፉት፣ ካልሆነ ለአዲሱ ገጽ ሌላ ስም ስጡ።

*ገጹ ታትሞ ሊንኩን መቀየር ግድ ከሆነስ?* የፖስት ሊንክ ሲቀየር ዎርድፕረስ የድሮውን ወደ አዲሱ በራሱ ያዞራል፤ ለፔጅ ግን ይህን አያደርግም። «ሪዳይሬክሽን» የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም አስገቡ፣ የድሮውን ሊንክ ከአዲሱ ጋር በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) አያይዙ፣ ከዚያ የድሮውን ራሳችሁ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ የገጹ ይዘት

የሚከፍቱት በስልክ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ስክሪን ላይ ምን ሊሠራ እንደታሰበ፣ የት እንደሆነ፣ ስንት እንደሚፈለግና የመስጫው ቁልፍ ይኑር። የኮሚቴው ሰብሳቢ መልእክት ወደ ታች ይውረድ። ከዚያ የወጪ ዝርዝሩ ይቀጥል፦ ሲሚንቶ፣ ቱቦ፣ የጉልበት ክፍያ፣ ማጓጓዣ፣ እያንዳንዱ በብር። ማኅበረሰቡ በጉልበት የሚያዋጣው ካለ እሱንም ጻፉ፤ የአገሬው ሰው ቁፋሮውን በደቦ እንደሚሠራ ያወቀ ሰው እጁ ይፈታል።

ፎቶዎቹን ሳትጭኑ በፊት ወደ 1200 ፒክስል ስፋት አሳንሱና ከ200 ኪሎባይት በታች አድርጓቸው። ከስልክ እንደወጡ የተጫኑ አምስት ፎቶዎች የገጠሩን ሰው ዳታ ይበሉታል፣ ገጹም አይከፈትም። የተረጂ ልጆችን ፊትና ሙሉ ስም አብራችሁ አታውጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ልጁ ነገ አድጎ የሚያየው ገጽ ነው።

ደረጃ 6፦ የሒሳብ ቁጥሩ

የሒሳብ ቁጥርን በፎቶ አታስቀምጡ። ሰው መገልበጥ አለበት። በግዕዝ አኃዝም አትጻፉት። በአንድ መስመር፣ ለብቻው፣ ከጎኑ ነጥብም ሰረዝም ሳይኖር ይቀመጥ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቁጠሩ።

ከዚያ በራሳችሁ ስልክ ከገጹ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ የባንኩ መተግበሪያ ውስጥ ለጥፉ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ገጹ ላይ ከጻፋችሁት ስም ጋር በፊደል እስከሚመሳሰል ድረስ አትለፉ። ለለጋሹም ይህንኑ ጻፉለት፦ «ከመላክዎ በፊት የሚመጣው ስም ይህ መሆኑን ያረጋግጡ።» አጭበርባሪ ገጻችሁን ገልብጦ ቁጥሩን ቢቀይር የሚያጋልጠው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሒሳቡ በግለሰብ ስም ከሆነ ገጹን አታትሙ። ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን።

ተመሳሳዩ ሒሳብ በብዙ ገጾች ላይ ካለ በየገጹ አትጻፉት። ቁጥሩ ያለበትን ብሎክ መርጣችሁ «ክሪኤት ፓተርን» በሉ፣ «ሲንክድ» የሚለውን አብሩ፣ በሌሎቹ ገጾች ላይ እሱን አስገቡ። ባንክ የቀየራችሁ ዕለት አንድ ቦታ ስታስተካክሉ ሁሉም ይስተካከላል።

ደረጃ 7፦ ፈትሹ

ከድረ ገጹ ሳትወጡ የምታዩት ገጽ ሌላው ሰው የሚያየው ላይሆን ይችላል። «እኛ ጋ ይታያል፣ ሰው ጋ አይታይም» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ገጹ «ፕራይቬት» ተደርጎ ስለሚቀር ነው፤ ፕራይቬትን አድሚኒስትሬተሮችና ኤዲተሮች ብቻ ያዩታል።

1. «ፕሪቪው» አድርጋችሁ በኮምፒውተር አንብቡ።
2. «ቪዚቢሊቲ» «ፐብሊክ» መሆኑን እዩ።
3. የክፍያ ፎርሙ ከ«ቴስት ሞድ» መውጣቱን አረጋግጡ። ቴስት ላይ የቀረ ፎርም «እናመሰግናለን» ይላል፣ ገንዘብ ግን አይገባም።
4. ገጹን ለማንም ሳትናገሩ «ፐብሊሽ» በሉ።
5. ባልገባችሁበት ስልክ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ክፈቱት።
6. በእያንዳንዱ መንገድ ትንሽ ገንዘብ ላኩ፦ በባንክ፣ በቴሌብር፣ በካርድ። ደረሰኙ ለለጋሹ፣ ገንዘቡ ለሒሳቡ መድረሱን እስክታዩ ጠብቁ። ውጭ አገር ያለ አንድ ሰውም በካርዱ ይሞክር፤ እዚህ የሠራ እዚያ ላይሠራ ይችላል።

*ታትሞ «አልተገኘም» ካለ?* «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፐርማሊንክስ» ግቡ፣ ምንም ሳትቀይሩ «ሴቭ» ተጫኑ። ብዙ ጊዜ ይበቃል። *ያስተካከላችሁት ካልታየ?* ካሹን (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የተቀመጠውን የድሮ ቅጂ) አጽዱ፤ የክፍያ ገጾችንም ከካሽ ውጭ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ ሜኑ

ሁሉንም ገጽ ሜኑ ላይ አትደርድሩ። «ፕሮጀክቶቻችን» የሚል አንድ ገጽ ይኑር፤ የየፕሮጀክቱ ሊንክ እሱ ውስጥ ይግባ። ሜኑ ላይ ያልገባ ገጽም ሊንኩ ያለው ሰው ይከፍተዋል። ሳትፈልጉት እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ሜኑ ላይ ከወጣ «አፒራንስ» ሥር «ሜኑስ» ውስጥ አዲስ ገጾችን በራሱ የሚጨምረውን ምልክት አንሱ። የድረ ገጹን መልክ በሚወስኑት አዲሶቹ ቲሞች ደግሞ ምክንያቱ «ፔጅ ሊስት» የሚባለው ብሎክ ነው፤ በነጠላ ሊንኮች ተኩት።

ደረጃ 9፦ ሊንኩን አሰራጩ

መጀመሪያ ለራሳችሁ ላኩት። ቴሌግራም ከሊንኩ ሥር የሚያሳየው ፎቶና ርዕስ የዚህ ፕሮጀክት ነው? ካልሆነ «ፊቸርድ ኢሜጅ» 1200 በ630 ፒክስል አድርጋችሁ አስገቡ። ቴሌግራም የድሮውን ይዞ ከቀረ ዌብፔጅቦት ለሚባለው ቦት ሊንኩን ላኩለት፣ ያድሰዋል። ለፌስቡክ ደግሞ «ሼሪንግ ዲበገር» አለ።

ይህ ሳይስተካከል ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። መልእክቱን በኋላ ብታርሙት ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው አይታረምም።

ደረጃ 10፦ ገጹ ክፍት እያለ

የሁሉም ገጽ ዝርዝር በኤክሴል ይያዝ፦ ስም፣ ሊንክ፣ ተጠያቂ፣ የተከፈተበት ቀን፣ የሚዘጋበት ቀን፣ የገባው ገንዘብ። በወር አንድ ቀን ተጠያቂው ገጹን በስልኩ ከፍቶ ሒሳብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተሰበሰበውን መጠን ያረጋግጥ። በባንክ የገባው ፎርሙ ላይ በራሱ አይደመርም፤ በእጅ ጨምሩና «እስከዚህ ቀን ድረስ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ።

ሰው በስህተት ጽሑፉን ካበላሸው «ሪቪዥንስ» ውስጥ ግቡና የቀደመውን መልሱ። ገጹ ከጠፋ «ትራሽ» ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ስትመልሱት ድራፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሊንኩ እንደነበረ መሆኑን አይታችሁ እንደገና አትሙት።

ለቦርዱ ብቻ የሚሆን ሪፖርት በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። ሆኖም ውስጡ ያሉት ፎቶዎችና ፋይሎች አይቆለፉም፤ የፋይሉ ሊንክ ያለው ሰው ይከፍታቸዋል። የለጋሾችን ስልክና የባንክ ወረቀት እዚያ አታስቀምጡ።

ደረጃ 11፦ መዝጋት

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገጹን አታጥፉ። በዚህ ቅደም ተከተል ዝጉት፦

1. የክፍያ ፎርሙንና ሒሳብ ቁጥሩን አንሱ። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ለተዘጋ ሥራ እንዳይልክ።
2. ርዕሱ መጀመሪያ ላይ «ተጠናቋል፦» ጨምሩ። ሊንኩን አትንኩ።
3. የገባውን፣ የወጣውንና የተረፈውን በብር ጻፉ። የደረሰኝ ፎቶ ስታወጡ የግለሰቦችን ስልክና ፊርማ ሸፍኑ።
4. ያለቀውን ሥራ ፎቶ ከመጀመሪያው ፎቶ አጠገብ አድርጉ፣ ከተቻለ በአንድ ቦታ ቆማችሁ ያነሳችሁትን።
5. ከታች አሁን ክፍት ወደሆነው ፕሮጀክት የሚወስድ ቁልፍ አስገቡ።

ገጻችሁን ሰው ገልብጦ ካገኛችሁት

በመጀመሪያ የሐሰተኛውን ገጽ ፎቶ አንሱ፤ ሊንኩ፣ ሒሳብ ቁጥሩና ቀኑ ይታይ። ለባንኩ ቅርንጫፍ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ገጹ ያለበትን ድርጅት እንዲያወርደው ጠይቁ። በራሳችሁ ገጽ አናት ላይ ትክክለኛውን ሊንክና የሒሳቡን ስም የያዘ አጭር ማስታወቂያ አውጡ። የሐሰተኛውን ሊንክ ግን «ይህን እንዳትከፍቱ» ብላችሁም ቢሆን አትለጥፉ፤ ከማስጠንቀቂያው ተነጥሎ ይሰራጫል። ወደ ሐሰተኛው ሒሳብ የላኩ ሰዎች ካገኛችሁ የላኩበትን ደረሰኝ ሰብስቡና ከደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ ለባንኩና ለፖሊስ በዚያው ቀን አድርሱ።